ኮሽሙ ውስጥ የተኛው ፉጨት

1

ይርዳው ጠዋት ተነስቶ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቱን ይታጠባል። የደሴ ውሃ ጠዋት አጥንት ይሰብራል። ፎጣ ይረሳል። ሳሙናው ዓይኑን እያቃጠለው አንድ እጁን ዘርግቶ ያፏጫል። እኔ ከውስጥ “አቤት!” ብዬ ፎጣውን ይዤ እወጣለሁ።

“ዛሬም?” እለዋለሁ።

“አንቺን ለማስወጣት ነው እንጂ መች ረስቼው!” ይላል ባለቤቴ።

ከዚያ ሻይ እንጠጣለን። እሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ እኔ ባዮሎጂ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት እንሄዳለን።

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልሆነም።


2

ፉጨት በፊደል አይጻፍም። ሞክሬ ነበር፤ “ፊው” የሚል ነገር ወጣኝና ሰረዝኩት። ስለዚህ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፦




ማፏጨት የምትችሉ ከሆነ የራሳችሁን አስገቡበት። እኔ አልችልም። “ሴት ልጅ አታፏጭም” እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በስልክም አልቀረጽነውም። በየቀኑ የሚሰማ ነገር ማን ይቀርጻል?


3

ወፉ።

ደረቱ ብርቱካናማ ነው፤ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር አለው። አጥራችን ላይ ካለው ኮሽም ውስጥ ተፈልፍሎ እዚያው ቀረ። የሰማውን ሁሉ ይቀዳል፦ የሌላ ወፍ ድምፅ፣ የበራችንን ሲጥታ። ባለፈው ክረምት የይርዳውን ፉጨት መልመድ ጀመረ።

ይርዳው ኮራ። “ተማሪ አገኘሁ። ከአንቺዎቹ ይሻላል፣ አያረፍድም።”

ተማሪው መጀመሪያዋን ይይዝና መጨረሻዋን ያበላሻል።

ጥቅምት ላይ ይርዳው ሞተ።


4

ይህን ቁጥር ለለቅሶው ይዤው ነበር።


5

ወጣት ወፍ ዜማ የሚማረው ነቅቶ ብቻ አይደለም። ሲዘምር የሚሠሩት የአንጎል ሕዋሳት ተኝቶም በዚያው ቅደም ተከተል ይሠራሉ፤ ቀን የለመደውን በዝምታ ይደግማል ማለት ነው።* ጠዋት ሲነቃ ዜማው ከትናንት ማታው የባሰ ነው። ቀኑን ሙሉ ያቃናዋል። ደግሞም ጠዋት ጠዋት ይበልጥ የሚበላሽባቸው ናቸው በመጨረሻ ከሁሉ የተሻለ የሚዘምሩት። ሲጎለምስ ዜማው ይረጋል።

ይህን ሳስተምር ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ውጤት የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። የዚህ ወፍ ዜማ ሲረጋ የይርዳው ፉጨት ውስጡ ይኖራል ወይስ አይኖርም?

ከወፉ በቀር የያዘው የለም።

* ጥናቱ የተደረገው በሌላ አገር፣ በሌላ ወፍ ላይ ነው። ተማሪዬ እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዘል ነጥብ እቀንስበት ነበር።


6

ፓውዛ።

የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ በኋላ እድራችን “ብቻዋን ናት” ብሎ በጎረቤቴ በእትዬ ዘምዘም ግድግዳ ላይ ፓውዛ አሰቀለልኝ። ማንም ሳይጠይቃቸው ያደረጉት ደግነት ነው። ግቢዬ ሌሊቱን ሙሉ ቀን ሆነ።

ኮሽሙም ቀን ሆነ። ወፉ ሌሊት ይጮኻል፤ ጠዋት ዝም ይላል። ሲሞክርም ፉጨቱ አንዴ ከጅራቱ፣ አንዴ ከወገቡ ይቆረጥበታል። ሲመሽም አይቃናም።


7

የእድር ስብሰባ፤ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር የተባለው።

ጋሽ ተገኔ፣ የእድሩ ዳኛ፦ ልዩ ልዩ ላይ ሐሳብ ያለው አለ?

እኔ፦ ፓውዛው ይጥፋልኝ።

ጋሽ ተገኔ፦ አምፖሉ ተቃጠለ እንዴ፣ ወይዘሮ ስንዱ?

እኔ፦ አልተቃጠለም። ይጥፋልኝ ነው የምለው።

እትዬ ዘምዘም፦ ወይ ጉድ! ለአንቺው ብለን!

እኔ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ወፉ መተኛት አልቻለም።

ጋሽ ተገኔ፦ የምን ወፍ?

እኔ፦ ኮሽሙ ውስጥ ያለው።

ከኋላ አንድ ሰው፦ በደንባችን ወፍ አባል ነው እንዴ?

ሌላ ሰው፦ ይመዝገብና ድንኳን ይትከል!

(ሳቅ።)

ጋሽ ተገኔ፦ ሥርዓት! ሌባ ቢገባብዎትስ?

እኔ፦ እጮሃለሁ።

እትዬ ዘምዘም፦ አንቺ? አንቺ መቼ ጮኸሽ ታውቂያለሽ? በለቅሶው እንኳ አልጮኽሽም።

ጋሽ ተገኔ፦ ለሚቀጥለው ይተላለፍ።


8

በማግሥቱ ከሰዓት እትዬ ዘምዘም መጡ።

“እውነቱን ንገሪኝ። የወፍ እንቅልፍ የሚያስጨንቀው ሰው አይቼ አላውቅም፣ ወላሂ።”

“ትምህርቱ ይበላሽበታል።”

“የምን ትምህርት?”

ኮሽሙ ውስጥ ወፉ ሞከረ፤ መጀመሪያዋን ብቻ። እትዬ ዘምዘም አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ያንን ፉጨት ከግድግዳው ማዶ ለዓመታት ሲሰሙት ኖረዋል።

“ያ አላህ!” አሉ። “ፎጣ!”

ከዚያ ተቆጡኝ። “ይህንን ትናንት ብትናገሪ ምን ነበረበት? አፍሽን ለማን ነው የምትቆጥቢው?”

“አለቅስ ነበር።”

“ታዲያ ብታለቅሺስ!”

እድሩን አልጠበቁም። ማታውን ፓውዛው አልበራም። አንድ አሮጌ ድስትና ጭልፋም አመጡልኝ፦ “ሌባ ሲመጣ ደብድቢ። መጮህ ለማይሆንለት ሰው ነው።”


9

ተኛ።




ጠዋት ፉጨቱ ጭራሽ ተበላሽቶ ተነሳ።

“ይኸው አጠፋነው!” አሉ እትዬ ዘምዘም ከማዶ።

“አይ፣ እየተማረ ነው” አልኳቸው።

ሲመሽ ትንሽ ተቃንቶ ነበር። ጠዋት ተበላሸ፤ ማታ ተቃና። ጠዋት ተበላሸ፤ ማታ ይበልጥ ተቃና። እንዲህ እያለ የበልግ ዝናብ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ሳይበላሽ ተነሳ።


10

ዜማው ረግቷል። ፉጨቱ መሐሉ ላይ ነው፤ ሙሉውን ይዞታል። ከፉጨቱ ቀጥሎ ወፉ ዝም ይላል፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዜማዎቹ ያልፋል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ ያችኑ ያህል።

“ምነው እዚህ ጋ ይቆማል?” አሉ እትዬ ዘምዘም። “ረሳው?”

“ይተነፍሳል” አልኳቸው።

አይተነፍስም። ይርዳው ካፏጨ በኋላ ዝም የሚለው እኔን ከቤት ውስጥ ሊሰማ ነበር። ወፉ እሱንም ተምሮታል።


11

ፉጨቱ አለ።


ዝምታው አለ።


የጎደለው የእኔ “አቤት” ነው።