ሀያት በእንግዳ ፊት የጠበሰችው እንቁላል

ሀያት ከጅዳ በተመለሰች በዓመቷ ለሁዜይፋ ታጨች። የሁዜይፋ አባት አሕመድኑር፣ ልጃቸውንና ለሽምግልናው የደከሙትን ጎረቤታቸውን አቶ ቢሻውን ይዘው መካነ ሰላም እሷ ቤት ለእራት መጡ። የሀያት እናት ሩቂያ ዶሮ ልታሳርድ አስባ ነበር፤ ግን ቢሻው ክርስቲያን ናቸው፣ የእስላም ሥጋ አይበሉም።

«እንቁላል ሁሉም ይበላል» አለች ሀያት። «እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ትኩሱን እጠብሳለሁ።»

«በእንግዳ ፊት? ጓዳው ለምን ተሠራ?» አለች ሩቂያ።

ሀያት ግን ከጅዳ ያመጣችውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ጠረጴዛው ላይ ሰካች።

ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ እንደገባ አስተያየቱ ተጀመረ።

«ገና ነው፣ ይብሰል» አሉ አሕመድኑር።

«ኧረ ሊያር ነው!» አሉ ቢሻው።

«ዘይቱ አነሰ! አታሳፍሪኝ» አለች ሩቂያ ከኋላዋ።

«ጨው አልበዛም? ቃሪያውንስ ፍሬውን አውጥተሽለታል?» አሉ ደግሞ አሕመድኑር።

ሁዜይፋ አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያያል።

ሀያት ጅዳ በቤት ሠራተኝነት ሳለች እመቤቷ ከጀርባዋ ቆማ «ጨምሪ፣ ቀንሺ» ስትላት ነው የኖረችው። አውሮፕላን ስትሳፈር ያለቀላት መስሏት ነበር። ማንኪያውን አሕመድኑር ፊት አስቀመጠችው።

«እንግዲያው እርስዎ ይጥበሱት።»

«ያ አላህ!» አለች ሩቂያ።

አሕመድኑር እምቢ ማለት አፈሩ። እንቁላሉን ሲሰብሩት ቅርፊቱ አብሮ ገባ። ቤቱ በጭስ ታፈነ።

«መቼ ነው የሚገለበጠው?» አሉ እያሳሉ።

«እኔ ምን አውቄ» አለች ሀያት፣ ተቀምጣ።

የጠቆረው ነገር ቀረበ። ቢሻው ጎረሱና «ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ!» አሉ። ሩቂያም በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። ሀያት ተናደደች። የእሷን ሳይቀምሱ አማረሩ፤ ይሄ አርሮ ይመረቃል!

«ሁዜይፋ፣ ወላሂ በል፤ ይበላል?»

ሁዜይፋ አባቱን አየ፤ እሷን አየ። ቅርፊት ከአፉ አወጣ።

«አባ፣ አሯል» አለ። «ለሷ ይተዉላት።»

አሕመድኑር ማንኪያውን መለሱ። ሀያት ሌላ መጥበሻ አመጣች።

«ዝም የምትሉ ከሆነ ነው» አለች።

የሚሰማው የዘይቱ ድምፅ ብቻ ሆነ። ሩቂያ «ጨ—» ብላ ስትጀምር ቢሻው በጣታቸው ዝም አሰኟት። የበሰለውን ጠርገው በሉ፤ ሠርጉም ከመኸር በኋላ እንዲሆን ቆረጡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሩቂያ «አንቺ ልጅ በቁሜ ገደልሽኝ» ብላ ጀመረች። ሀያት የከሰለውን መጥበሻ ትፈገፍግ ነበር።