ያልተቀበረው ዶቃ

ፍቅርተ ሱቄ ደጃፍ ቆማ አልገባ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋለች። ብርጭቆ የማቀልጥበት ጋዝ ሽታ ነው ብትል ማን ያምናታል? የቀጥቃጭ ልጅ ፊት ነጠላ አፍ ላይ የሚጣለው ለምን እንደሆነ ከሕፃንነቴ ጀምሬ አውቃለሁ።

«የኔታ ልከውኝ ነው» አለች። «መቁጠሪያ ይሥራልኝ፣ ለዚያ ለቀጥቃጩ ልጅ ንገሪው አሉኝ።»

«ስም የለኝም?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እንዳሉት ነው የነገርኩህ።»

የኔታ ሚልኪያስ አባቷ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝም እሳቸው ናቸው። ጓደኞቼን ለዲቁና ሲልኩ እኔን «አንተ ወደ አባትህ ወናፍ ተመለስ» ያሉኝም እሳቸው። ተመለስኩ። ኋላ ባሕር ዳር ወርጄ ብርጭቆ ማቅለጥ ተማርኩና፣ ይኸው ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ከጠርሙስ ስባሪ ዶቃ እየሠራሁ እኖራለሁ። ዲያቆን አዲስዓለም የሚለኝ ግን የለም።

«ዐይናቸው ከጠፋ ቆየ» አለች ፍቅርተ። «አሁን ደግሞ ስኳሩ ጣታቸውን አደነዘዘው። የእንጨቱ ዶቃ አልሰማ አላቸው፤ ጸሎት ላይ ተቀምጠው ሲቆጡ ይውላሉ። ዶቃውን ትልልቅ አድርገህ ሥራው። በየመሐሉ ጠፍጣፋ ይግባበት፣ የት እንደደረሱ በእጃቸው እንዲያውቁ። ጠርዙን ግን አደራ! ቢቆርጣቸው አይሰማቸውም፤ ከቆሰሉም አይድንላቸውም።»

«እሺ» አልኳት።

ክብ ክቡን በወጉ ሠራሁ። ጭቃ የቀባሁትን ሽቦ ነበልባሉ ፊት እያሽከረከርኩ፣ የቀለጠውን የቢራ ጠርሙስ ጠቀለልኩበት፤ ከዚያ ትኩስ ዐመድ ውስጥ ቀበርኩ። ከዚያ ጠፍጣፋዎቹ መጡ። መጭመቂያዬን ከመኪና ባሌስትራ ራሴ ነኝ የቀጠቀጥኩት፤ እንደ ጉጠት ሆኖ አፉ ሰፊና ልሙጥ ነው። የጋለውን ብርጭቆ ሲጨምቀው ብረቱ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ስለዚህ ጨምቀህ ወደ እሳቱ ትመልሰዋለህ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ እንዲበርድ ዐመድ ውስጥ ትቀብረዋለህ። ይኼን ያላገኘ ዶቃ ላይ ላዩን ደኅና ነው። ቂሙን በሆዱ ይዞ ይቆይና ባላሰብከው ሰዓት ይፈነዳል።

አልመለስኳቸውም። አልቀበርኳቸውም። እንደተጨመቁ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። እጄ ረስቶ አይደለም፤ አውቄ ነው። አንዳንዶቹ ወዲያው ተሰነጠቁ። ደኅና የመሰሉትን መርጬ ከክቦቹ ጋር ሰካሁ፣ የተረፈችዋን መደርደሪያው ላይ ጣልኳት።

ፍቅርተ ልትወስድ ስትመጣ እስከ ውስጥ ገባች። መቁጠሪያውን ተቀብላ ሳመችው።

«ስምህን ጠየቅኳቸው» አለች። «አዲስዓለም ነው አሉኝ። እጅህ ይባረክ፣ አዲስዓለም።»

አሜን ማለት አቃተኝ።

  በማግስቱ ጧት የጉና ብርድ ሲገርፈኝ ሱቅ ከፈትኩና የጋዝ ችቦውን ልለኩስ ስል፣ ከመደርደሪያው «ጧ!» አለ። የተረፈችዋ ዶቃ ለሁለት ተከፍላለች። ስባሪዋን በአውራ ጣቴ ነካ ባደርጋት ደም አወጣችኝ። እኔ ተሰማኝ። እሳቸው ግን አይሰማቸውም።

ሱቁን ሳልዘጋ ባጃጅ አስቆምኩ።

«ለቅሶ ነው እንዴ?» አለ ባለባጃጁ ፊቴን አይቶ።

«እንዳይሆን ንዳ!»

የኔታ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ይላሉ፣ ዶቃው በጣታቸው ያልፋል።

«ጸሎት ላይ ናቸው፤ አይቋረጡም» አለች ፍቅርተ በሹክሹክታ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ። የመጀመሪያዋን ጠፍጣፋ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፤ አለፈች። ክቦቹ ተከተሉ። ሁለተኛዋ ስትደርስ ዘለልኩና መቁጠሪያውን ከእጃቸው መነጨቅኩ።

«ማነው ባለጌ!»

«አዲስዓለም ነኝ፣ የኔታ። ይፈነዳል። ይቆርጥዎታል።»

«ስሕተት ገባበት?» አሉ።

ስሕተት ነው ብል ያልቅ ነበር። «አይደለም» አልኩ። «አውቄ ነው። በክፋት።»

«ወይኔ አባቴን!» ፍቅርተ እጆቻቸውን ይዛ ገለበጠች፣ እያንዳንዱን ጣት አየች። ደም የለም።

«ምን አድርጌህ?» አሉ የኔታ።

«ዲቁናውን ከለከሉኛ! የቀጥቃጭ ልጅ ነው ብለው!»

 ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ዜማህ ነው የከለከለህ» አሉ። «እንደ ጅብ ነበር የምትጮኸው፤ ስንት ቀን ለብቻህ እያዜምኩ አስቀጸልኩህ። ወናፍ ያልኩህ ግን... እሱ የኔ ክፉ አፍ ነው። ብያለሁ።»

እውነት ይሁን ሽንገላ እስካሁን አላወቅኩም። ዜማዬ መጥፎ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

«ይሂድልን፣ አባባ» አለች ፍቅርተ። ነጠላዋ አፏ ላይ ተመልሷል። አሁንስ ምን ብዬ ልቀየማት?

«የት ይሄዳል? ጸሎቴን አስታጎለኝ» አሉ። «ና እዚህ። እኔ እላለሁ፣ አንተ ትቆጥርልኛለህ። አርባ አንድ።»

እግራቸው ሥር ተቀምጬ በጣቶቼ አንጓ መቁጠር ጀመርኩ። «እግዚኦ» ይላሉ፤ አንድ አንጓ አልፋለሁ። ግን ዐይኔ ጣታቸው ላይ ነበር፣ ፍቅርተ ያላየችው ጭረት ይኖር ይሆን እያልኩ።

«ስንት ደረስን?» አሉ።

«ጠፋብኝ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው» አሉና፣ እንዳየው ይመስል እጃቸውን ገልብጠው ጭናቸው ላይ ዘረጉ።