መሐል ሜዳ ላይ የወደቀው ክር

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ሄዳችሁ የፈለጋችሁትን ሐበሻ ጠይቁ፤ አልሰማሁም የሚላችሁ ካለ ውሸታሙ እሱ ነው። በሌላ በሌላው እንጃ እንጂ በኳስ ነገር እንደማልዋሽ ቅዱስ ሚካኤል ምስክሬ ነው።

ያረጋል አማካይ ነበር። ሮጦ ሰው አያልፍም፣ ዘሎ አይገጭም። ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ግን በትከሻው ላይ አንዴ ገልመጥ ይላል፤ በቃ፣ ማን የት እንደቆመ፣ የማን ካልሲ እንደወረደ ሳይቀር ያውቃል። አገር ቤት ሳለ አንዱ አጥቂ፣ ያረጋል ያቀበለው ኳስ እግሩ ሥር ሲደርስ «ከየት መጣች?» ብሎ ሲደነቅ ጎል ማግባቱን ረስቶት ቀረ።

ሠላሳ ስድስት ሲሞላው ጉልበቱ ከዳው። ዓይኑ ያያል፤ እግሩ እስኪታዘዝ ግን ተከላካዩ ደርሶ ኳሷን ወስዶ ሄዷል። ክለቡ ሲያሰናብተው በመተማ በኩል ሱዳን ተሻገረና ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ከሚገኝ ትንሽ ቡድን ገባ። የቡድኑ ባለቤት ሐጂ በሽር የሚባል የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ያረጋል ሠላሳ ዓመቴ ነው አለው። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ እየተንቋቋ ያጋልጠው ነበር እንጂ አፉስ በደንብ ዋሽቷል።

የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ የሚታደሰው በቡድኑ ስም ነው። ያለ ኢቃማ የተገኘ ሰው በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ ማለት ነው፣ ፒክአፕ ላይ ተጭኖ ወደ ድንበር ይላካል። ጎረቤቱ ገብረየስ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ በዚያው ቀርቷል። አከራያቸው እትዬ ሸዋአለም የሰውየውን ጫማ ከበሩ ላይ ማንሳት ፈርታ ትታዋለች፤ ያረጋል ሲገባም ሲወጣም ያንን ጫማ ተራምዶ ያልፋል። ፒክአፕ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ ግድግዳ ይጠጋል። እንቅልፉ ውስጥ እንኳ የሚያሯሩጠው ተከላካይ ሳይሆን መኪና ሆነ።

እንግዲህ ያረጋል ቅጣት ምት ከመምታቱ በፊት ማተቡን የመነካካት ልማድ ነበረው። ጥቁር የክር ማተብ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሐጂ በሽር ግን የራሱ ልጆች ክንዳቸው ላይ የሚያስሩትን በቆዳ የተሰፋ ሒጃብ፣ ክታብ ማለት ነው፣ ስለሚያውቅ፣ ይህኛው ከሐበሻ ደብተራ የመጣ የባሰ ብርቱ ነው ብሎ ደመደመ። አንድ ቀን በቀስታ ጠየቀው። ያረጋል የክርስትና ክር ነው ማለት ይችል ነበር፤ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሲዘገይ እንኳ «ዛሬ ሒጃቡ ደክሞታል» ይባልለት ጀመር። ወሬው ከሰፈር ሰፈር ዞረ። ዞሮ ዞሮ ሲመለስ ክሩ ሁለት ግብ ጠባቂ አሳብዷል ይባል ነበር።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሐጂ በሽር የሚያስቀረውን ያስቀራል፤ የሚሸኘውን ይሸኛል። ባላጋራው ቡድን ተውፊቅ የሚባል፣ ሳንባው የማያልቅ ጎረምሳ ያረጋል ላይ ለጠፈበት። ልጁ አያስተነፍሰውም።

«ያ ዓሚ፣ ቤትህ ሂድና ሻይ ጠጣ» አለው፣ አጎቴ ማለቱ ነው።

 ከእረፍት በኋላ አንድ ለዜሮ እየተመሩ ያረጋል ሐጂ በሽር ከወንበሩ ተነስቶ ሰዓቱን ሲያይ ተመለከተ። ጆሮው ውስጥ የፒክአፕ ሞተር ተነሳ።

ልክ ያኔ ተውፊቅ በአንገትጌው ጨምድዶ ሲጎትተው ማተቡ ተበጠሰና መሐል ሜዳ አፈር ላይ ወደቀ።

ተውፊቅ እጁን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰበ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አለ። ጓደኞቹም ክሩን ሲያዩ አንድ በአንድ ራቁ። ዳኛው ራሱ ሲሮጥ መጥቶ ክሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አለፈ።

ያረጋል አንገቱ ባዶ ሲሆን እናቱ ፊት ራቁቱን የቆመ መሰለው። ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀና ሲል ግን ዙሪያው ባዶ ነው። ከስንት ዓመት ወዲህ አይቶት የማያውቅ ሰፊ ቦታ፣ የሚቀርበው አንድም ሰው የለም። እጁን መለሰ። ማተቡን አፈር ላይ ትቶ አጠገቡ ቆመ። በልቡ ይቅር በለኝ እያለ።

ኳስ መጣለት። አቆማት፣ አየ፣ ላካት፤ ጎል። እንደገና መጣለት፤ እንደገና ጎል። ግማሹ ሜዳ የእሱ ግቢ ሆነ። ሰው ቢቀርበው ዓይኑ ያያትን ኳስ እግሩ አያደርሳትም ነበር፤ የፈለገው ትንሽ ፋታ ብቻ ነበር።

ሁለት ለአንድ ተፈጸመ። ሐጂ በሽር እየሮጠ ገብቶ፣ ያረጋልን ሰላም ሳይል፣ በመሐረብ ክሩን አነሳ።

«ይሄ ከእኔ ጋር ይቆያል» አለ። «ለተውፊቅ አስርለታለሁ። ነገ አስፈርመዋለሁ።»

ያረጋል የእሱ ነገር እንዴት እንደሆነ ጠየቀ።

«አንተማ ኸላስ፣ በቃ፣ ደክሞሃል ያ ሐበሺ።»

ያረጋል፣ ክር ብቻ ነው፣ ኳሷን ያየሁት እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«እኔ ከሞትኩ ወይም ከዚህ አገር ከወጣሁ፣ ክሩን ያነሳው ሰው ይሞታል።»

ሐጂ በሽር መሐረቡን ከነክሩ ወረወረለት። ፊቱ አመድ መሰለ። እስከ ዛሬ ዝምታ የነበረው ውሸት አሁን ከአፍ ወጥቶ ቆመ፤ ያረጋል የገዛ ድምፁን ፈራው።

ኢቃማው በሳምንቱ ታደሰ። ሐጂ በሽር ግን አንድ ትእዛዝ ሰጠ፦ ያ ሰው እንዳይነካ። ቢሰበርስ? በኋላ ምን ሊመጣ? ስለዚህ ያረጋል ለልምምድም ቢሆን ኳስ አይነካም። በየጨዋታው ታጥቦ፣ ማልያ ለብሶ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ግራና ቀኙን ሁለት ሰው ይጠብቀዋል። ከዚያ ሆኖ ማንም የማያያቸውን ኳሶች ያያል፤ አሁን ለግራው፣ አሁን ከኋላ። እግሩ ከወንበሩ ሥር ይንቀሳቀስና ይቆማል። ፒክአፕ ሲያልፍ ዛሬም ይደነግጣል፤ ከዚያ በላይ ግን አሁን የሚያስፈራው፣ በመጨረሻ ሐጂ በሽር መጥቶ «ና ግባ» ቢለው እግሩ እንዴት እንደሚሮጥ ረስቶት መገኘቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ ዳኛው ክሩን ዞሮ አለፈ ያልኳችሁን። ውሸት ነው። ዳኛው ክሩ ከወደቀ በኋላ ከጥግ መምቻው ወዲህ ጭራሽ አልመጣም።