ሮይ የሌለበት ፎቶ

«አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ብርቅአየሁ፣ የጠቀለሉትን እንጀራ ወደ ሙሉወርቅ አፍ እያስጠጉ። ሙሉወርቅ እንደ ትናንቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባሏ ሮይ ከሞተ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። እትዬ ብርቅአየሁ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሱ። ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ሻማ በርቷል፣ አበባም አለ፤ የሟች ፎቶ ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት ለሚሊኒየሙ በዓል ሲጨፍር ያደረው የስቶክሆልም ሐበሻ አሁን ነጠላውን አዘቅዝቆ አካላ በሚባለው ሰፈር፣ ሙሉወርቅ ቤት ተቀምጧል። ለቀስተኛ የሚያየው ፎቶ ካጣ ወሬ ማንሳቱ አይቀርም። ሮይ አሜሪካዊ እንደሆነ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ግድም ቬትናም ዘምቶ፣ ጦሩን ጥሎ ወደ ስዊድን እንደሸሸ ያልሰማ የለም። ወጥ ቤት ውስጥ አንዷ «ስንቱን ፈጅቶ ይሆን?» ብላ ስታንሾካሹክ ሙሉወርቅ ሰማች። አልተቀየመችም። ያንን ጥያቄ እሷ ራሷ ሃያ ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች።

የተገናኙት የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ያኔ በስደት ስዊድን ገና መግባቷ ነው። ልብሷን ከማሽኑ አውጥቶት ስታይ ተራዋን የነጠቃት መስሏት ባላት ስዊድንኛ ሁሉ ሰደበችው። ለካ አጣጥፎ እየጠበቃት ኖሯል። እሷ ሰደበች፣ እሱ አጣጠፈ፤ በዓመቱ ተጋቡ። በሰርጋቸው ቀን እንኳ ካሜራውን ከፎቶ አንሺው ተቀብሎ ሌላውን ሲያነሳ ዋለ እንጂ እሱ አልተነሳም። ያለው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጃቸው ሊና፣ አባዬን የተያዘ ሌባ ያስመስለዋል ብላ አላስቀምጥም አለች።

ቁምሳጥኑ አናት ላይ በገመድ የታሰረ ካርቶን ነበረው። አንድ ጊዜ ምን እንዳለበት ብትጠይቀው «ቬትናም» አላት። ከዚያ ወዲያ አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ ነክታው አታውቅም። ሬሳ ያለበት ይመስላት ነበር።

ዛሬ ካርቶኑን ሊና አወረደችው። ምናልባት የጦር ጓደኞቹ አንስተውት ይሆናል አለች፣ በስዊድንኛ። ሙሉወርቅ ተዪው ልትላት ስትል ገመዱ ተፈታ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ጉድ ሊወጣ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጥ ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነበር። ዛፍ ሥር ፀጉር የሚቆርጥ ሰው። ብስክሌት ላይ ሰማይ ጠቀስ የቅርጫት ጭነት። ጎሽ ጀርባ ላይ ተዘርረው የሚስቁ ሕፃናት። ሰፌድ ይዛ ሩዝ የምታበጥር ሴት፤ እትዬ ብርቅአየሁ ሰፌዱን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጠመንጃ የለም፣ ሬሳ የለም፣ ሮይም የለም።

ድሮ ወታደር የነበሩት ጋሽ ሽፈራው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ።

«እኔም ዘምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ወታደር ሲመጣ ሰው እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት ካሜራውን የያዘውን ነው። አልፈሩትም።»

ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሁሉ መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። የመጨረሻው ፎቶ ሙሉወርቅ እጅ ገባ። ጥርሳቸው የጠቆረ አንዲት አሮጊት እየሳቁ፣ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች የያዙትን ምግብ ወደሚያያቸው ሰው ዘርግተዋል። እንዳይንጠባጠብ ግራ እጃቸውን ከሥሩ አድርገዋል።

«እያጎረሱት ነው» አሉ እትዬ ብርቅአየሁ ቀስ ብለው።

ሙሉወርቅ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ የተሰማት ሐዘን ብቻ አልነበረም፣ ደንቋት ነበር። ገድሎ እንደሆነ ካርቶኑ አልነገራትም፤ ወደፊትም አይነግራትም። ግን ሃያ ዓመት የፈራችው ካርቶን ውስጥ አንዲት እናት ባሏን እያበሉት ኖረዋል። ሊና ፎቶውን ተቀብላ ከሻማው አጠገብ አቆመችው።

አዲስ የገባ ለቀስተኛ ፎቶው ፊት ጎንበስ ብሎ እናቱ ናቸው ወይ ሲል ጠየቀ። ጋሽ ሽፈራው አዎ አሉት።

እትዬ ብርቅአየሁ ከትሪው አዲስ ጉርሻ ጠቀለሉ። ግራ እጃቸውን ከሥሩ አድርገው ዘረጉላት። ሙሉወርቅ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ አፏን ከፈተች።