የሚያፏጨው ቱቦ

የባለቤቴ የአልማዜ ታላቅ እህት መቲ ከተማ ስትቀበር እኛ ገና መንገድ ላይ፣ ዳገቱ ላይ ቆመን ነበር። መኪናዬ ድንገት ጉልበት አጣች። ማርሽ ቀነስኩ፣ ቤንዚን ረገጥኩ፣ አልሆነም። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጎትትም። አልማዜ ወርዳ መንገድ ዳር ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ነበር። ከመቲ የሚወርድ አይሱዙ አስቆምን። ሾፌሩ፣ ቀብሩ አልቆ ሰው ወደ ድንኳን ሲመለስ አይቻለሁ አለን። አዙሬ ወደ ጋምቤላ ቁልቁል ወረድኩ። በዚያ መንገድ ሁሉ ባለቤቴ አላለቀሰችም።

አሁን አርባዋ ደረሰ። ተዝካሩ ቅዳሜ ነው።

«በሰው መኪና ሂጂ» አልኳት።

«ቀብሯ ላይ አልነበርኩም» አለች። «ተዝካሯ ላይ ደግሞ እህሌን በሰው መኪና አስጭኜ እየለመንኩ ልግባ? አንተ ዕድሜህን ሙሉ የመንግሥት መኪና ነድተህ የራስህን አንድ ቶዮታ ዳገት ማስወጣት ያቅትህ?»

በርበሬው፣ ሽሮው፣ ምስሩና ትልቁ ብረት ድስት በር ላይ ተደርድረዋል። ስገባ ስወጣ እነሱን እየተሻገርኩ ነው።

መኪናዋ ኦሞት ዘንድ ናት። ኦሞት መካኒክ ነው፤ ከባሮ ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ይሠራል። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ እሱ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ሁለታችንም ሸብተናል። በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው የታወቀው። አንዱን ጫፍ ጆሮው ውስጥ ይከታል፣ ሌላውን ጫፍ በሞተሩ ላይ ያዞራል፤ የታመመው ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ሌሎቹ መካኒኮች የቸገራቸውን መኪና እሱ ዘንድ ያመጡ ነበር። አብዛኞቹ ሥራ የተማሩትም ከእሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ነዳጁን አሸተተና «ውሃ አለው» አለ።

በዚህ ከተማ መኪና ሲሳነው የሚወቀሰው የመንገድ ዳር ቤንዚን ነው። ማደያው ብዙ ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ሁላችንም በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን እንቀዳለን፤ ቀድተንም እንሳደባለን። ኦሞት ታንከሩን አራገፈ፣ ፊልትሮ ለወጠ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ፣ ካንዴላዎቹን ወለወለ። እኔ ደግሞ ወደ ኛሩዋይ ሄድኩ። ኛሩዋይ በአሮጌ ዣንጥላ ሥር ቤንዚን የምትሸጥ ሴት ናት፤ ደንበኛዋ ነኝ።

«ውሃ ሸጥሽልኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አባባ፣ ውሃ ከፈለግህ ባሮ እዚያ ነው። በነፃ ነው።»

«መካኒኩ ነው ያለው።»

«ባጃጆቹ ከዚሁ ጠርሙስ ነው የሚጠጡት። ተመልከት፣ ይሮጣሉ። የአንተ ብቻ ነው የሰከረው?»

አጠገቧ ነዳጅ የሚቀዱት ባጃጅ ነጂዎች ሳቁ። ትቻት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ከከተማ ወጣ አድርጌ ሞከርኳት። ሞተሩ ሳይግል ደህና ናት። ከጋለች በኋላ ግን ቆማ ስትሠራ ሚኒሞዋ ይወዛወዛል፤ ትንሿን ጉብታ ስትወጣ ያው ድካም ይመጣባታል። ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ይጠነክራል፤ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል። ተመልሼ ይህንን ለኦሞት ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ እየሠራ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደገና ካርቡራተሩን መፍታት ጀመረ። ፍሬኑን ነው የነገርኩህ አልኩት። አሁንም ራሱን ነቀነቀ። በውስጤ ተናደድኩ።

ዓርብ ጠዋት ሞተሩን አስነሳሁ፤ እስኪግል ጠብቀን ኦሞት ቱቦውን ጆሮው ውስጥ ከተተ።

«ዝም በል» አለኝ። አልተናገርኩም ነበር።

ኮፈኑ አጠገብ ቆሜ አያለሁ። የቱቦው ጫፍ በካንዴላዎቹ ላይ ሄደ። በነዳጅ ፓምፓው ላይ ሄደ። ካርቡራተሩን ዞረ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከሞተሩ ወደ ፍሬን የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ጋ ደረሰ። ያኔ ሰማሁት። ሰው በጥርሱ መሃል አየር ሲስብ እንደሚሰማው ያለ ቀጭን ፉጨት ነው። እኔ አንድ እርምጃ ርቄ ሰማሁት። የኦሞት ቱቦ በትክክል ከላዩ ነው።

ፊቱ አልተለወጠም። አልፎት ሄደ።

«አየር የሚያስገባ ቦታ የለም» አለና ቱቦውን ከጆሮው አወጣ። «ነዳጅ ነው።»

ከኋላው ባለው ቆርቆሮ ጣራ ላይ ማንጎ ጓ ብሎ ወደቀ። ከሥሩ ተኝታ የነበረች ፍየል ብድግ ብላ ሮጠች። ኦሞት አልዞረም።

ጆሮው ደክሟል። ከዚያ በፊት ያየሁት ሁሉ ገባኝ። ሬዲዮኑ እስከ መንገድ ድረስ የሚሰማው ለዚህ ነው። ሚስቱ ለምሳ ስትጠራው ከበር ሆና ሳይሆን ትከሻውን ነክታ የምትጠራው ለዚህ ነው። ሳይሰማ ራሱን የሚነቀንቀውም።

እዚያው ጥላው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። መኪናዋን ወደ ሌላ ጋራዥ ልውሰድ ብል የሚቀበለኝ የለም። እዚህ አንድ መካኒክ የከፈተውን ሞተር ሌላው አይነካም፤ የከፈተው ራሱ በአፉ «ለቅቄዋለሁ» ካላለ በቀር። ይህ የኦሞት ሕግ ነው፤ ያስተማራቸው ልጆች ሁሉ ይጠብቁታል። ልቀቃት ብዬ ከጠየቅሁ ለምን ይለኛል። ለምን እንደሆነ ከነገርኩት፣ እስከ ማታ ከተማው ይሰማል፤ ጆሮው ነው እንጀራው። ካልነገርኩት አልማዜ ነገ ድስቷን ታቅፋ በር ላይ ትቀራለች።

አልማዜ ራሷ መጣች። ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ፣ «ተሠራች?» አለች።

«እየታየች ነው።»

«ከትናንት ጀምሮ እየታየች ነው። ሙሽራ ናት እንዴ?» አለችና ወደ ኦሞት ዞረች። «ኦሞት፣ እህቴ እኮ ሁለት ጊዜ አትሞትም። ነገ ካልደረስኩ ሌላ ቀን የለኝም።»

ኦሞት አፏን እያየ ሰማት። «ትደርሻለሽ» አለ።

እሷ ከሄደች በኋላ ካርቡራተሩ ላይ ካቻቢቴ አነሳ። ይህንንስ መታገሥ አልቻልኩም። ዞሬ ከፊቱ ቆምኩ።

«መኪናዋን ልቀቃት።»

ካቻቢቴውን አላስቀመጠም። «ለምን?»

«ፍሬን ሲረገጥ ሞተሩ ይለወጣል ብዬህ ነበር። ፔዳሉ ይጠነክራል ብዬህ ነበር።»

«አላልክም።»

«ደጋግሜ ብያለሁ።»

ቱቦውን በጨርቅ ጠረገው፤ ያልቆሸሸውን። ከዚያ ጠየቀኝ፦

«ስትናገር የት ቆመህ?»

«ከኋላህ።»

ቱቦውን ጠቅልሎ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

«ከኋላ የሚያወራ ሰው ሌባ ነው» አለ። ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። «ሚስቴ ታውቃለች። አሁን አንተ። ሌላ ማን?»

«ማንም።»

«አሁን ትሰማለህ? ከሞተሩ?»

«እሰማለሁ።»

እጄ ሊጠቁም ተነሣ። እጄን ያዘኝ።

«እንዳታሳየኝ። ሥራው የእኔ ነው።»

ባልዲ ውስጥ ሳሙና በጠበጠ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ግራ እጁን የሞተሩ ክዳን ጫፍ ላይ አሳረፈ፤ ቀኝ እጁን ሳሙናው ውስጥ ነክሮ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ መዳፉ ይዳስስ ጀመር። አይኖቹን ጨፍኗል። ሲቸኩል አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ከሁልጊዜውም የባሰ ቀስ አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ። ፉጨቱ ይሰማኛል፤ እሱ ገና ካርቡራተሩ ሥር ነው። በዚህ በኩል እኮ ነው ለማለት ስንት ጊዜ አፌን እንደከፈትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

መዳፉ ወደ ወፍራሙ ቱቦ ደረሰ። ከላይ ዳሰሰው፣ ምንም። ወደ ሞተሩ የሚገባበት ጫፍ ላይ ጣቱን ወደ ሥር አዞረ። ፉጨቱ ቆመ። የሞተሩ መንቀጥቀጥም ቆመ፤ እንደ ጤነኛ ሰው ትንፋሽ እኩል ሆነ። የኦሞት ግራ እጅ ክዳኑ ላይ እንዳለ ነው፤ በዚያ እንዳወቀው አየሁ።

«ይስባል» አለ። «ቆዳዬን ሳበው። አየር እዚህ ነው የሚገባው።»

ጣቱን አነሣ፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ። መልሶ አደረገው፤ ተረጋጋ። ልክ እንደ አዲስ ነገር ደጋግሞ ሞከረው።

ሞተሩን አጠፋሁ። ቱቦውን ነቅሎ አጠፈውና አሳየኝ። ጫፉ ከሥር በኩል በሙቀት ተሰንጥቋል። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፤ ሲግል ይከፈታል። የተሰነጠቀውን በቢላ ቆርጦ ጣለ፣ የቀረውን ስቦ አስገባ፣ በብረት ማሰሪያ፣ በፋሼታ፣ አጠበቀው። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ።

«ነገ አብሬ እሄዳለሁ» አለ።

«አያስፈልግም።»

«ያስፈልጋል። ዳገቱ ላይ እንደገና ቢደክም ማን ያየዋል? አንተ ስማ። እኔ በእጄ እይዛለሁ።»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ጭነን ወጣን። መጀመሪያ ኛሩዋይ ዘንድ ቆምኩ። ዣንጥላዋን እየዘረጋች ነበር።

«ቤንዚንሽ ደህና ነው» አልኳት። «ጥፋቱ የቱቦ ነበር።»

«ባጃጆቹ ሲስቁ ቀን ነበር፤ ይቅርታው ግን በጨለማ ነው» አለች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠች። «ስትመለስ ቀን ላይ ና። ጮክ ብለህ ትናገራለህ።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

አልማዜ መስኮት ዳር ተቀመጠች፤ ኦሞት በመሃል። መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ መንገዱን ያያል። አቦቦን አለፍን። ሜዳው አልቆ ደኑ ሲጀምር፣ መንገዱም ሽቅብ ሲል፣ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። ከኋላ ድስቱ ይንኳኳል።

ዳገቱ ጀመረ። ማርሽ ቀነስኩ። ሞተሩ ከበደው፤ ግን ጎተተ።

«ምን ትሰማለህ?» አለ ኦሞት።

«ሞተር ብቻ።»

«እኔም» አለ፤ መዳፉን ሳያነሣ።

መታጠፊያው ላይ ያ ትልቅ ድንጋይ መጣ። እንደዚያ ቀን እዚያው ነው። አልማዜ አየችው። እኔም አየሁት፤ እግሬን ከቤንዚኑ ሳላነሣ።

«አትቁም» አለች።

አልቆምኩም። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሲቀር አልማዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቆይታም እህቷን በስሟ ጠርታ አለቀሰች፤ በዚያ ሁሉ ቀን ያልወጣው በአንድ ጊዜ ወጣ። ትከሻዋ ኦሞትን ይገፋዋል። ኦሞት መዳፉ ሥር ያለውንና ጎኑን የሚያንቀጠቅጠውን መለየት አቃተው መሰለኝ፤ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ሆነ?»

አፌን እንዲያይ ፊቴን ወደ እሱ መለስኩ።

«ሞተሩ አይደለም» አልኩት።