የአኬሎ ወንበር

መናኸሪያችን ውስጥ ሦስት ማኅበራት አሉ፤ የባጃጅ፣ የኢታንግ ሚኒባስ እና የደጋ አውቶቡስ። እርስ በርስ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ሚኒባሱ ሳይደርስ አውቶቡሱ ከወጣ፣ የተሳፋሪው ዕድል ነው። ሦስቱን የምታገናኘው አኬሎ ብቻ ናት። ደመወዟ የአውቶቡስ ተራ ለማስከበር ነው፤ ሌላውን ከራሷ ጨምራ ነው የምትሠራው።

እኔ ግን ባለፈው ወር በሰው ፊት «ድምፅሽ ከክላክስ ይብሳል» ብያታለሁ።

ከስድቡ በኋላ አንድ ቀን ከኢታንግ ስመጣ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። በማግስቱ መቱ ላይ የመግቢያ ፈተና አለብኝ። አንድ ቀን እንኳ ክፍል ሳልቀመጥ፣ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ካሉ ሰዎች በተዋስኳቸው መጻሕፍት ራሴን ያስተማርኩት ለዚያ ፈተና ነው። የመቱ አውቶቡስ ደግሞ በቀን አንድ ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል።

ሾፌራችን ሩዋይ ጎማውን እየፈታ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«አኬሎ ናት። ለመቱ ስንት ሰው አለህ ትላለች።»

«አንድ» አልኩት።

«ማን ናት ትላለች።»

«ኛኮንግ በላት። ፈተና አለባት በላት።» ስሜን ስጠራ ተስፋዬን ቆረጥኩ።

መናኸሪያው ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። አውቶቡሱ ቆሟል። በሩ ላይ ሆኜ ሳይ፣ አኬሎ የኋላው መጨረሻ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ሳኒ አጠገቧ ቆሟል።

«አኬሎ፣ በአላህ ልውጣ። መኪናው ሞልቷል።»

«አልሞላም። እኔ መንገደኛ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ውረጂ።»

«ከወረድኩ ይጎድላል። ጎዶሎ መኪና አይወጣም ያለው የራስህ ማኅበር ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ራሂማ የምትባል ነጋዴ ግን ሰልችቷታል። «የምትጠብቂያት ልጅ ዘመድሽ ናት?»

«ሰድባኛለች።»

«ታዲያ?»

«ስድቧ ጥሩ አማርኛ ነበር። እንዲህ ያለ አፍ ፈተና ሊያመልጠው አይገባም።»

እኔን ስታይ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። በተሳፋሪው መሃል እየተጋፋሁ ወደ ወንበሩ ሄድኩ።

«ዛሬ ምላስሽን ኢታንግ ረሳሽው እንዴ?» አለችና አልፋኝ ወረደች።

ወንበሩ ይሞቅ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ወጥተን እንኳ አኬሎ «ኢታንግ! ኢታንግ!» እያለች ለሚኒባሱ ሰው ስትጠራ ይሰማኛል። አሁንም ከክላክስ ይብሳል። ራሂማ መስኮቱን ዝጊው ብትለኝ እምቢ አልኩ።