መሪ ድምፅ

የወንድሜ የመጀመሪያ አልበም ጆሮ ይበሳ ነበር። እህቱ ስለሆንኩ አልሸፋፍንለትም። ዜማው ደህና ነው፣ ግጥሙም ክፉ አይባልም፤ እሱ ግን ከምቱ ቀድሞ ይሮጣል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በር እንደተቆለፈበት ሰው ይጮኻል፣ ትንፋሹ ሲያልቅበት ደግሞ ቃሉን ለሁለት ይሰብረዋል። የሰፈራችን ሙዚቃ ቤት ባለቤት እናታችንን አክብሮ ጥቂት ቀን ከከፈተው በኋላ፣ ደንበኛ እያባረረብኝ ነው ብሎ መለሰላት።

ሁለተኛው ሲወጣ ያው ሰውዬ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ አቁሞ ጠዋት ማታ ያንቆረቁረው ጀመር። ሬዲዮው እሱ፣ ታክሲው እሱ፣ ፀጉር ቤቱ እሱ። ከመጀመሪያ ሥራቸው እጅግ ተሻሽለው ስለመጡ ድምፃውያን በሚያወራ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይማ አንደኛ አደረጉት። ጋዜጠኛዋ ምስጢሩን ስትጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ድምፄን ገራሁት አላት። እኔ በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር የምሰማው። ቆሽቴ አረረ። ሱሪውን ከጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ብዬ ቆረጥኩት፤ አለቃዬ የሰደበችኝን ስድብ በእሱ ቁጠሩት።

በሩን መዝጋቱስ እውነት ነው። ውስጥ ግን እኔም ነበርኩ። ቅጥነቱን አይተን ሽቦ የምንለው አቀናባሪ አንድ አሠራር አለው፤ ድምፃዊው ዜማውን እንዲይዝ ሌላ ሰው ቀድሞ ዘፍኖ ይቀረፅለታል። መሪ ድምፅ ይሉታል። ድምፃዊው በማዳመጫ እየሰማ ያጠናል፣ ዋናው ቀረፃ ሲጀመር ግን መሪው ጠፍቶ በራሱ ይዘፍናል። የእኔ ወንድም አላስጠፋም። እኔ በጆሮው ውስጥ እየዘፈንኩ እሱ እግር በእግር ተከተለኝ። የት እንደማለሰልስ፣ የት እንደምዘገይ፣ የት አየር እንደምስብ፣ አንዷን ሳያስቀር ገለበጣት። አንዱን ዘፈን ጉንፋን ይዞኝ ነበር የቀረፅኩት፤ መሃሉ ላይ አፍንጫዬን ሳብ አደረግኩ። እሱም ሳብ አደረገ። ዛሬ ሰው ሁሉ ያቺ ሳግ እያለ የሚያለቅስላት እሷ ናት። ንፍጤ ናት!

ሽቦ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሥራ የሚሰጠው ወንድሜ ስለሆነ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ወንድሜ ቤታችን በር ላይ መጥቶ ከመኪናው ሳይወርድ ጥሩምባ ነፋልኝ። አልወጣሁም። ሲገባ፣ የሠራሁት ሥራ ከነስሜ ሽፋኑ ላይ ካልተጻፈ እግሬ ስቱዲዮ አይረግጥም አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ቀናተኛ አለኝ። እናታችን መሃላችን ገባች። አዝለሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ አይደለም ወይ፣ በአንድ ቤት ልጆች መካከል ያንተ ያንቺ ምንድነው አለች። እንግዲያው የእኔ ይጻፍና የእሱ ይቅር አልኳት። ነገሩ እንደከረረ ሲያይ በአባታችን አጥንት ማለ።

"ስምሽን አወጣለሁ፣ እትዬ። ሰው ሁሉ ያነበዋል።"

በአባታችን ስለማለ አመንኩት። ጉሮሮዬ እስኪላጥ ዘፈንኩለት። አልበሙ ከሁለተኛውም በለጠ፤ ወንድሜን እያየሁት ደሜ ቢፈላም ይህን አልክድም።

የታተመ ዕለት እናታችን አንዱን ይዛ መነፅሯን ሰክታ መጣች። ስምሽ ወጣልሽ ብላ ከአቀናባሪው፣ ከከበሮ መቺው፣ መኪና ካዋሳቸው ሰው ሁሉ በታች ያለችውን የመጨረሻ መስመር አነበበችልኝ።

"ስቱዲዮ ድረስ ምሳ እያመላለሰች ላልተለየችን፣ ለምወዳት እህቴ።"

ስሜ የለም። ምሳም የለም። እንኳን ምሳ ውሃ ይዤላቸው የሄድኩበት ቀን የለም፤ የሚበሉትን ከጎን ካለው ምግብ ቤት ነበር የሚያስመጡት። እናቴ ደስ አይልም ወይ ትለኛለች፤ ፈገግ ብላለች። ስዘፍን የዋልኩትን እያወቀች ፈገግ አለች። እሷንም ጠላኋት፣ እውነቱን ለመናገር።

ደወልኩለት። አላፈረም።

"ሴት ተከትሎ ነው የሚዘፍነው ከሚሉኝ ብሞት ይሻለኛል" አለኝ።

ዘጋሁበት። የበረደልኝ መሰለው። አራተኛውን ሊጀምር ሲል መልእክት ላከ፤ እሺ እመጣለሁ አልኩ፣ ያለ ልመና። ከዚያ አልበሙን የሚያሳትምለት ነጋዴ ጋ ደወልኩና ቀረፃ ዛሬ ይጀመራል፣ መጥተህ ብትሰማ ደስ ይለዋል አልኩት።

ስደርስ ነጋዴው ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሏል። ሽቦ ቀስ ብሎ በዓይኑ ስፖንጅ ወደ ተለጠፈበት መቅረጫ ክፍል ግቢ አለኝ። እንዳላየ ሆኜ ነጋዴው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የያዝኩትን ምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ነጋዴው እስቲ አንዷን አሰማኝ አለ። ወንድሜ ነገ ቢሆን ይሻላል፣ ድምፄ አልተፍታታም፣ ምናምን ብሎ ዘበዘበ። ነጋዴው የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ገባ፤ ማዳመጫውን አጠለቀ። ሽቦ ምቱን ለቀቀ። በመስታወቱ ውስጥ እኔን እኔን እያየ አፉን ከፈተ። ከምቱ ቀድሞ ሮጠ። ከፍ ያለው ቦታ ሲደርስ ጮኸ፣ ቃሉን ለሁለት ሰበረው። ነጋዴው እግሩን አወረደና እንደገና አለ። እንደገናውም ያው ነው። ነጋዴው ወደ ሽቦ ዞሮ፣ ይሄ ያ ልጅ ነው እንዴ አለው። ሽቦ ጫማውን አየ።

ወንድሜ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

ምሳ ዕቃውን ከፍቼ ወደ እሱ ገፋሁለት።

"ሽፋኑ ላይ የጻፍክልኝን ነዋ። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"